ላሜራ፣ ቀለምና መዶሻ

ኖቬምበር 12 ቀን 2013 ምሽት፣ ኒው ዮርክ ሮክፌለር ሴንተር በሚገኘው የክሪስቲስ አጫራች ድርጅት አዳራሽ፣ በሐራጅ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ተቆጠረ። የፍራንሲስ ቤከን ባለሦስት ሸራ ሥዕል 142.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ እስከዚያች ምሽት ድረስ በጨረታ ላይ ያን ያህል የተከፈለበት የጥበብ ሥራ አልነበረም። የጄፍ ኩንስ ብርቱካናማ የፊኛ ውሻ በ58.4 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። የምሽቱ ጠቅላላ ሽያጭ ከ691 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በማግስቱ የጋዜጦቹ ወሬ ቤከንና ኩንስ ነበሩ። (እዚህ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ግን በዚያው ምሽት፣ በዚያው አዳራሽ የተሸጠ ሌላ ሥራ ነው። ሰው አይመስል፣ እንስሳ አይመስል፤ ርዕስም የለው። በ1963 ከእንጨት፣ ዚንክ ከተነከረ ብረትና ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ደማቅ ቀይ ተቀብቷል። ሠሪው አሜሪካዊው ዶናልድ ጀድ ነው። በካታሎጉ ላይ «ርዕስ አልባ» ተብሎ ከጎኑ «ዲ ኤስ ኤስ 42» የሚል ቁጥር ሰፍሯል። ሦስቱ ፊደላት በ1975 በካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ የወጣውን የጀድን ሥራዎች መዝገብ ያሰናዱት ሦስት ሰዎች ስም መነሻ ናቸው። አጫራቹ መዶሻውን በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ላይ አሳረፈ። ገዢው ለአጫራቹ ድርጅት የሚከፍለው 1,665,000 ዶላር ተደመረና ሒሳቡ 14,165,000 ዶላር ሆነ። ለጀድ ሥራ በጨረታ ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ያን ገንዘብ ያወጣው ሰው ምን ገዛ?

ብረቱን ነው እንዳይባል፣ ዚንክ የተነከረ ብረት በማንኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር ይገኛል። የአርቲስቱን የእጅ ጥበብ ነው እንዳይባል፣ ጀድ ብዙ ሳይቆይ ብረቱን የማጠፉንም የመበየዱንም ሥራ ለሌሎች ሰጥቶ እጁን ሰብስቧል። የዚህ ዲስኩር ክርክር አጭር ነው፦ ሁሉ ነገር በተቀነሰበት በዚህ ዓይነት ቅርጽ ላይ ዓይን የሚያርፈው በገጹ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ራሱ ሥራው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የሐራጁን ዋጋ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ቀለሙን ልጦ የሚያይ ሰው ደግሞ እጁ ላይ የሚቀረው ላሜራ ነው። ልጦ ያየ ሰው በእውነት ነበረ፤ ታሪኩ ኋላ ይመጣል።

ጀድ በ1928 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ኤክሴልሲየር ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ኮሪያ ውስጥ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ ተመለሰ፤ ከዚያ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተማረ፤ ሥዕልም ጎን ለጎን ተማረ። ከ1959 እስከ 1965 «አርትስ» በተባለው መጽሔት ላይ የሥነ ጥበብ ሂስ ይጽፍ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ፍርዱ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ያልወደደውን ሥራ አልወደድኩትም ለማለት ሁለት መስመር ይበቃዋል። ያው ሰው ማታ ማታ ከራሱ ሸራ ጋር ሲታገል ከረመና በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ሸራውን ተወው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጭ ሸራ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብትቀመጥ ዓይን ወዲያው አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አድርጎ ያያል። በሌለ ጥልቀት ይታለላል። ጀድ ይህ ማታለል ከበደው። ጥልቀት ከተፈለገ በክንድ የሚለካ እውነተኛ ጥልቀት ያለው ዕቃ መሥራት ነው፤ ቀለም ከተፈለገም በዚያ ዕቃ ላይ ይሁን አለ። ይህን ሐሳቡን በ1965 በታተመ ዝነኛ ጽሑፉ አብራራው። በዘመኑ ከሚሠሩት አዳዲስ ነገሮች ምርጦቹ ሥዕልም ቅርጻ ቅርጽም እንዳልሆኑ፣ ራሳቸውን የቻሉ ዕቃዎች እንደሆኑ ተከራከረ።

የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች ሲሠራ የረዳው አባቱ ነበር፤ ሮይ ጀድ አናጺነትን የሚያውቅ ሰው ነው። በዲሴምበር 1963 ኒው ዮርክ በሚገኘው ግሪን ጋለሪ እነዚያ ዕቃዎች ለሕዝብ ሲቀርቡ አብዛኞቹ ቀይ ነበሩ። ያው ካድሚየም ቀይ የሚባለው ወደ ብርቱካን የሚያደላው ደማቅ ቀይ።

ለምን ቀይ? እዚህ ላይ የጀድ መልስ ከፈላስፋ ይልቅ የግንበኛ መልስ ይመስላል። ዕቃ ጥቁር ከተቀባ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ነጭ ከተቀባ ደግሞ ያነሰ ይመስላል፤ የንጽሕና ስብከትም ይሆናል። ቀይ ግን ማዕዘኑንና መስመሩን ለይቶ ያወጣል። ጥቁር የተቀባ የግቢ በር ማምሻ ላይ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ብረቱ ከጨለማው ይዋሃድና ቅርጹ ይጠፋል። ለጀድ ቀለም የስሜት መግለጫ ከመሆኑ በፊት መለኪያ ነበር። ቅርጹ እስከ የት ድረስ እንደሆነ የሚናገረው ቀለሙ ነው።

በ1964 ጀድ የእንጨት ሥራውን ትቶ በርንስታይን ወንድማማቾች ወደሚባል የኒው ዮርክ ላሜራ ቤት ሄደ። ልኩን በወረቀት ይሰጣል፣ ሠራተኞቹ ላሜራውን ይቆርጣሉ፣ በማጠፊያ ያጥፋሉ፣ ይበይዳሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሥራዎች ላይ የላሜራ ቤቱ ስም ከጀድ ስም ጋር በማኅተም ተመትቶ ይገኛል። በ2007 በክሪስቲስ 9.8 ሚሊዮን ዶላር ያወጣው ሥራ ካታሎግ ላይ የሰፈረው መጠሪያ «77-41 በርንስታይን» የሚል ነው፤ ዓመቱ፣ ተራ ቁጥሩና የላሜራ ቤቱ ስም። የእጅ ባለሙያው ስም እስከ ሐራጅ አዳራሽ ድረስ አብሮ የሄደበት እንዲህ ያለ ሁኔታ በዘመናዊ ጥበብ ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ የሚያስደስትም ነገር ነው።

እነዚህን ሥራዎች ሰዎች «ሚኒማሊዝም» አሏቸው። በ1966 በኒው ዮርክ የአይሁድ ሙዚየም የተደረገው «መሠረታዊ ቅርጾች» የሚል ዐውደ ርእይ ጀድን፣ ካርል አንድሬን፣ ዳን ፍላቪንን፣ ሶል ለዊትን፣ ሮበርት ሞሪስን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበና ስሙ ተለጠፈባቸው። ጀድ ስሙን እስከ ሞቱ አልተቀበለውም። ተቃውሞውም ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ቃሉ «ጥቂት» ላይ ያተኩራል፤ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ግን የቀረው ነገር ሁሉ በዝቶና ገንኖ ነው የሚታየው።

ለምሳሌ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ በሚባለው፣ ያለውን የ1967 ሥራ መውሰድ ይቻላል። ከግድግዳ ላይ ወደ ሰው የወጡ አሥራ ሁለት የብረት ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው በላይ እንደ መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሳጥን ከፍታው 22.8፣ ወርዱ 101.6፣ ጥልቀቱ 78.7 ሴንቲሜትር ነው። በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለው ክፍተትም ልክ እንደ ሳጥኑ ከፍታ 22.8 ሴንቲሜትር ነው፤ ባዶው ከሙሉው እኩል ተለክቷል። ብረቱ ዚንክ የተነከረ ሲሆን የተቀባው አረንጓዴ ላከር ነው፤ ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት ለማሳመር የሚነፋው ዓይነት። ብሩሽ አልነካውም። የብሩሽ ዱካ ቢኖርበት ዓይን ዱካውን ተከትሎ ወደ ቀቢው እጅ ይሄድ ነበር። የተነፋ ቀለም ግን ዱካ የለውም፤ ብርሃን ሲመታው ከሥሩ ያለው ብረት ጭምር ያበራል። ሰው በፊቱ ሲራመድ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ይነጣል፣ ይመለሳል። ቅርጹ አይንቀሳቀስም፤ ገጹ ላይ ያለው ብርሃን ግን ከተመልካቹ ጋር ይሄዳል።

ጋራዥ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በመኪና በር ላይ የወጣች አንዲት ጭረት በብሩሽ ብትነካካ ቀለሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ጥገናው ከሩቅ ይታያል፤ ምክንያቱም የሚለየው ቀለሙ ሳይሆን አቀባቡ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቀቢ ለአንዲት ጭረት ብሎ በሩን ሙሉ ይነፋል። ለመኪና ይህ መፍትሔ ነው። ለ1967ቱ ቅርጽ ግን አደጋ ነው፦ ገጹ በሙሉ እንደገና ከተነፋ ያ በ1967 የተነፋው ቀለም የለም ማለት ነው። አዲስ ቆርቆሮ ቀለም ቶሎ እንደማይዝ፣ ዚንኩ ቀለሙን እንደሚገፋና ውሎ አድሮ እንደሚላጥ የአገራችን ቀለም ቀቢዎች አሳምረው ያውቃሉ። የሙዚየም ጥገና ባለሙያዎችን እንቅልፍ የሚነሳውም ያው ችግር ነው።

አሁን ወደ ላጩ ሰው እንመለስ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጀድ በፊት በነበረው ታላቅ የብረት ቀራጺ በዴቪድ ስሚዝ ነው። ስሚዝ በ1906 ኢንዲያና ውስጥ ተወለደ፤ ብረት መሥራትን የለመደው በስቱድቤከር የመኪና ፋብሪካ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በኒው ዮርክ ግዛት ስኬኔክታዲ በሚገኝ የባቡር ፋብሪካ ብየዳ ሠርቷል። በቦልተን ላንዲንግ ቤቱ ዙሪያ ባለው መስክ ላይ ቅርጾቹን እንደ አዝመራ ተክሎ አብሯቸው ይኖር ነበር። ከቅርጾቹ ብዙዎቹ ባለቀለም ናቸው። ብረት ቀራጺ ቀለም መቀባቱ ግን በዘመኑ ለነበሩ ብዙ አዋቂዎች አልተዋጠላቸውም። ብረት ብረት ይምሰል ይሉ ነበር።

በ1960 ስሚዝ አንድ ነገር ሰማ። በ1950 የሠራው ቀይ የተቀባ ቅርጽ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጥ ቀለሙ ሆን ተብሎ ተልጧል። ስሚዝ ዝም አላለም። ለአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ደብዳቤ ጻፈና ሥራው ከእንግዲህ የእሱ እንዳልሆነ፣ ስሙም በእሱ ላይ እንዳይጠራ ለሕዝብ አስታወቀ። ዋጋውንም ራሱ ተመነው፦ 60 ፓውንድ፣ ማለት 27 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የውዳቂ ብረት ዋጋ። አንድ አርቲስት በገዛ ሥራው ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ቀላል ነገር አይደለም። ብረቱ አልተሰበረም፣ አልተቆረጠም፣ አንድ ብሎን አልጎደለበትም። የጎደለው ከሚሊሜትር በታች የሆነ የቀለም ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲሄድ ስሙም ሄደ፣ ዋጋውም ሄደ።

በ1965 ስሚዝ በመኪና አደጋ ሞተ። ንብረቱን እንዲያስተዳድሩ አደራ ከተሰጣቸው አንዱ በዘመኑ ከሁሉ በላይ የሚደመጠው ሐያሲ ክሌመንት ግሪንበርግ ነበር። ግሪንበርግ የስሚዝን ቅርጽ ያደንቃል፤ ቀለሙን ግን አይወድም። ስሚዝ ነጭ ቀብቷቸው ከተዋቸው ቅርጾች አንዳንዶቹ በመስኩ ላይ ለዝናብና ለበረዶ ተጋልጠው ቆዩ፤ የጥቂቶቹ ቀለም ደግሞ ተልጦ ብረቱ እንዲታይ ተደረገ። በ1974 የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ሮዛሊንድ ክራውስ ጉዳዩን «አርት ኢን አሜሪካ» መጽሔት ላይ ከፎቶግራፍ ማስረጃ ጋር ስታወጣው የአሜሪካ የጥበብ ዓለም ተናወጠ። ለመከላከል የሞከሩ ነበሩ፤ ቀለሙ መሠረት ቀለም ብቻ ነው፣ ሥራው ገና አላለቀም ነበር አሉ። ክርክሩ ግን ባለቤቱን ያገለለ ነው። ስሚዝ በ1960 የቀለም መላጥን ምን ብሎ እንደጠራው በጽሑፍ ትቷል። ይህን እያወቀ የሟችን ሥራ የሚልጥ አደራ በላ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጀድ ይህን ሁሉ እየሰማ የኖረ ሰው ነው። የራሱም መከራ መጣበት፤ የእሱ ግን ከቀለም ሳይሆን ከወረቀት ነበር።

ጁሴፔ ፓንዛ የተባለ የቫሬዜ ባለጸጋ ኢጣሊያዊ ሰብሳቢ በ1970ዎቹ ከጀድና ከሌሎች ብዙ ሥራ ገዛ። ከገዛቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ገና ያልተሠሩ ነበሩ፤ የተገዛው ንድፉና የምስክር ወረቀቱ ነው። ፓንዛ በወረቀቱ መሠረት ኢጣሊያ ውስጥ አሠራቸው። ጀድ ሥራዎቹ በትክክል አልተሠሩም፣ የእኔ አይደሉም አለ። በ1989 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ጋለሪ የጀድን ሥራ ከኢጣሊያ ከማጓጓዝ ይልቅ እዚያው አዲስ አሠርቶ አሳየ፤ ፈቃዱን የሰጠው ፓንዛ ነበር። ጀድ በመጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ካደው። ይህ ሁሉ ሳይፈታ ጉገንሃይም ሙዚየም በ1990 የፓንዛን ስብስብ ገዛ፤ ለግዢው ሲል የካንዲንስኪ፣ የሻጋልና የሞዲልያኒ አንድ አንድ ሥዕል በሐራጅ ሸጦ 47 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ሦስት ሥዕሎች ሄዱ፤ በምትካቸው ከመጡት ውስጥ ጀድ የካዳቸው ዕቃዎች ነበሩ። ሙዚየሙ ከዚያ ስብስብ ውስጥ የትኛው ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ለመለየት በ2010 ራሱን የቻለ የጥናት ፕሮጀክት ጀምሯል።

ሁለቱ ታሪኮች ለሐራጅ ገዢ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው። የስሚዝ ቅርጽ ትክክለኛው ብረት ኖሮት ቀለሙ ሲጠፋ ሞተ። የፓንዛ ዕቃዎች ትክክለኛው ወረቀት ኖሯቸው አሠራራቸው ትክክል ስላልሆነ አልተወለዱም።

ጀድ ራሱ ወደ ቀለም የተመለሰው በኋለኛው ዕድሜው ነው። በ1984 ዙሪክ አጠገብ በምትገኘው ዱበንዶርፍ ያለው ሌኒ የተባለ የብረት የቤት ዕቃ አምራች ለጀድ ባለብዙ ቀለም የአሉሚኒየም ሥራዎች መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ በዚያው ዓመት ባዝል ውስጥ በሜሪያን ፓርክ ሜዳ ላይ ቀረበ። አሠራራቸው ሲታይ ግልጽ ነው፦ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ እየታጠፈ ክፍት ሳጥን ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሳጥን በየቀለሙ ይቀባል፤ ከዚያ ሁሉም በብሎንና በዳዶ ይጋጠማል። ብሎኖቹ አልተደበቁም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ብዙ ጊዜ ከፍታቸውም ጥልቀታቸውም 30 ሴንቲሜትር ነው። ጀድ ቀለሞቹን የመረጠው ራል ከሚባለው የጀርመን የቀለም መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ በ1927 በ40 ቀለሞች የተጀመረና ፋብሪካዎች በቁጥር ተግባብተው ቀለም እንዲያዝዙ የተዘጋጀ ነው። ጀድ የቀለም ናሙናዎቹን እየቆረጠ በወረቀት ላይ ይደረድር ነበር፤ ቢጫ ከጥቁር ቡኒ፣ ሮዝ ከአረንጓዴ፣ ብርቱካን ከግራጫ። የሚፈልገው ቀለሞቹ ተስማምተው አንድ ዜማ እንዲሆኑ አልነበረም፤ ተጣልተው እንዲጮኹም አልፈለገም። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ለሌላው ሳያጎበድድ እንዲገኙ ነበር። የሚያየው ሰው ዓይኑ ማረፊያ ፈልጎ ያጣል፤ ሲያጣም ደስ ይለዋል።

በ1993 ሲከንስ በተባለው የቀለም አምራች ስም የተሰየመው የኔዘርላንድስ ሽልማት ለጀድ ተሰጠ፤ ለሽልማቱም ስለ ቀለም፣ በተለይ ስለ ቀይና ጥቁር ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። የሕይወቱን ሥራ በቀለም ጀምሮ በቀለም ዘጋው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1994 በ65 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ።

እነዚህ የስዊዘርላንድ ሥራዎች ዛሬ በኒው ዮርክና በለንደን ሐራጆች ላይ በየጊዜው ይቀርባሉ። አንዱ ሲቀርብ ምን ይሆናል? በካታሎጉ ላይ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ግምት ይጻፋል። ከዚህ በታች አልሸጥም ብሎ ሻጩ ከአጫራቹ ጋር በምሥጢር የተስማማበት ዋጋ አለ፤ ይህ ዋጋ ከዝቅተኛው ግምት አይበልጥም። ጨረታው እዚያ ካልደረሰ ዕቃው ሳይሸጥ ይመለሳል፤ የተመለሰ ዕቃ ደግሞ ገበያው ያስታውሰዋል። በካታሎጉ ላይ የባለቤትነት ታሪኩም ይዘረዘራል፤ ከየትኛው ጋለሪ ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ የት ታየ። ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ ግን ጠይቀው ለሚወስዱ ተጫራቾች የሚሰጠው የዕቃው ይዞታ ሪፖርት ነው። ስለ ባለቀለም ብረት ሲሆን ይህ ሪፖርት እንደ ሐኪም ማስታወሻ ይነበባል፦ በግራ ጠርዝ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የቀለም መነቀል፣ ከላይኛው ገጽ ላይ ቀጭን ጭረት፣ በብሎኑ ዙሪያ መፈግፈግ። ሥዕል ላይ ቢሆን ማንም የማያየው እንከን እዚህ ላይ ዋጋ ይቀንሳል። ሌላ ምንም ነገር በሌለበት ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ትናገራለችና።

የሰው ጣትም ጠላት ነው። ላብ ጨውና ቅባት አለው፤ ባዶ ብረት ላይ ያረፈ አሻራ ቶሎ ካልተጠረገ ብረቱን በልቶ ይቀራል።

ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል? አሜሪካ ውስጥ የጥበብ ሥራ ዳግም ሲሸጥ አርቲስቱም ወራሹም ምንም አይደርሳቸውም። ካሊፎርኒያ በ1976 ከዳግም ሽያጭ 5 በመቶ ለአርቲስቱ እንዲከፈል ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕጉ በፍርድ ቤት ተሸራርፎ በ2018 ዋጋ አልባ ሆነ። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ ግን መብቱ አለ፤ ከ4 በመቶ ጀምሮ ዋጋው ሲያድግ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጣሪያው በኅብረቱ 12,500 ዩሮ ነው፤ አርቲስቱ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 70 ዓመት ይቆያል። የአውሮፓው ትክክል ነው። ብረቱን ያጠፈው ላሜራ ቤት ዋጋውን በጊዜው ተቀብሏል፤ ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ግን ከትርፉ ሙሉ በሙሉ መገለሉ አግባብ አይመስልም።

ከሐራጁ ታሪኮች ሁሉ አንዱ ለብቻው መነገር አለበት። ጀድ ሥራዎቹ ባኖራቸው ቦታ እንዲቆዩ ይፈልግ ነበር። በ1968 ኒው ዮርክ ስፕሪንግ ጎዳና ላይ በ1870 የተሠራ ባለአምስት ፎቅ የብረት ፊት ያለው ሕንጻ በ68,000 ዶላር ገዛ፤ ከዚያም በቴክሳስ በረሃ ማርፋ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤቶችና የቀድሞ ወታደራዊ ሕንጻዎች ያዘ። ሲሞት የተረፈው ብዙ ሕንጻ፣ ብዙ ሥራና ጥቂት ገንዘብ ነበር። በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ቦታዎቹን ለመጠበቅ ቋሚ ገንዘብ ስላስፈለገው በሜይ 2006 በቦታቸው ያልተተከሉ 36 ሥራዎችን በክሪስቲስ ለሐራጅ አቀረበ። የተቆጡ ነበሩ፤ ጀድ ሐራጅን የሚወድ ሰው አልነበረም አሉ። አጫራቹ ድርጅት ግን ሮክፌለር ሴንተር ውስጥ አንድ ሙሉ የቢሮ ወለል ባዶ አድርጎ ሥራዎቹን በቀን ብርሃን፣ በሰፊ ክፍተት ለአምስት ሳምንት ያህል አሳየ። ለዕቃዎቹ እንደ ሸቀጥ መጋዘን ሳይሆን እንደ ቤት ቦታ ተሰጣቸው። ሽያጩ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ አመጣ። የስፕሪንግ ጎዳናው ሕንጻም 23 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በጁን 2013 ለሕዝብ ተከፈተ። ቀዩ «ዲ ኤስ ኤስ 42» በ14 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ከዚያ አምስት ወር በኋላ ነው። ድርጅቱ ጥቂቱን ሸጦ ብዙውን በቦታው ማኖሩ ትክክል ነበር፤ ሕንጻዎቹ ባይተርፉ ኖሮ ጀድ እንዴት እንዲታይ ይፈልግ እንደነበር የሚያሳይ ስፍራ አይኖርም ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከእናንተ መካከል ኒው ዮርክ ወይም ለንደን የምትኖሩ፣ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። ታላላቆቹ አጫራች ድርጅቶች ከሽያጩ በፊት ባሉት ቀናት ለሐራጅ የቀረበውን ሁሉ ለሕዝብ ያሳያሉ፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ ገንዘብ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀለም የተቀባ የጀድ ብረት ካገኛችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ቅረቡ፤ ጎንበስ ብላችሁ ቀለሙ በጠርዙ ላይ እንዴት እንደታጠፈ ተመልከቱ፤ ከዚያ ራቅ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ተራመዱ። ቸኩሉ። መዶሻው ካረፈ በኋላ ሥራው ወደ ግለሰብ ቤት ከገባ ተመልሶ ለሕዝብ እስኪታይ ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።